መዋዕለ ሕፃናት ሲዘጋ፦ በቤት ሥራና በጨዋታ የሚማሩ ሕፃናት

የኮሮና ቫይረስ በሽታ (ኮቪድ-19) በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ውሳኔው የላይኛውን ክፍል ተማሪም የመዋዕለ ሕፃናቱን ተመላላሽም እኩል ቤት አስቀመጠ። ከፍ ባሉ ክፍሎች ላሉ ተማሪዎች ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲደርስ ጥረት ተደርጓል። የአራት ዓመት ሕፃን ግን ከሬዲዮ ፊት ተቀምጦ ትምህርት የሚከታተል ተማሪ አይደለም። የእርሱ ትምህርት ጓደኛው ነው፤ የግቢው አሸዋ ነው፤ ስሙን ጠርታ እጁን የምትይዘው መምህርቱ ናት። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን ሲቋረጡበት ምን እንደጎደለበት በቃል ሊያስረዳ ስለማይችል፣ ጉዳቱ ከታላላቆቹ ያነሰ መስሎ ይታያል። ነገሩ ግን እንደሚመስለው አይደለም።

የሰው ልጅ አንጎል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሕፃኑ አምስት ዓመት ሲሞላው የአንጎሉ መጠን የአዋቂውን 90 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በአንጎል ሕዋሳት መካከል ያለው ትስስር የሚጠናከረውም ሕፃኑ በየዕለቱ በሚያየው፣ በሚሰማውና በሚዳስሰው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌላ ሰው በሚሰጠው ምላሽ ነው። ስለዚህ ከሦስት እስከ ስድስት ባለው ዕድሜ ለወራት የሚዘልቅ ዝምታና መሰላቸት እንደ ዕረፍት ሊቆጠር አይገባም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ግን ወላጅ መምህር መሆን፣ ውድ መጫወቻ መግዛት ወይም ሳሎኑን ወደ መማሪያ ክፍል መለወጥ አያስፈልገውም። በየቀኑ የሚሠራው የቤት ሥራ ሕፃኑን ተሳታፊ ካደረገው ብዙ ትምህርት ይዟል።

ሕፃኑ ሲለወጥ

ሌሊት ሽንቱን መቆጣጠር የቻለ ሕፃን እንደገና መኝታውን ማርጠብ ሊጀምር ይችላል። ጥርት አድርጎ ይናገር የነበረው ሊኮላተፍ፣ ብቻዋን ትተኛ የነበረችው ከእናቷ ቀሚስ አልላቀቅም ልትል፣ ተጫዋች የነበረው በትንሽ በትልቁ ሊነጫነጭ ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ ዝም ይላል። ዝም ያለው ሕፃን ቤተሰቡን ስለማያስቸግር «ልጁ ጨዋ ሆነ» ተብሎ መታለፉ የተለመደ ቢሆንም፣ ከሚነጫነጨው ይልቅ ትኩረት የሚሻው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

ይህ ሁሉ ቅብጠት ወይም ጥጋብ አይደለም። ሕፃን የለመደው ሥርዓት ሲፈርስበት ወደ ቀደመው፣ ወደሚያውቀውና ደህንነት ወደሚሰማው ዕድሜው ይመለሳል። መኝታውን ያረጠበን ሕፃን መግረፍም ሆነ በወንድሞቹ ፊት ማሳፈር ችግሩን ያረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም። አንሶላው ያለ ብዙ ንግግር ይቀየራል፤ ሕፃኑ ይታቀፋል፤ ማለዳ ላይም ቀኑ ባልተለወጠ ቅደም ተከተል ይጀመራል። ቅደም ተከተሉ በሰዓት የተከፋፈለ ፕሮግራም መሆን የለበትም። ከመታጠብ ቀጥሎ ቁርስ፣ ከቁርስ ቀጥሎ ሥራ ማገዝ፣ ከምሳ በኋላ ዕረፍት፣ ማታ ከመኝታ በፊት ተረት የሚል ከሆነ ሕፃኑ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ደግሞ በዚህ ዕድሜ የመረጋጋት ዋነኛ ምንጭ ነው።

ምስር መልቀም እንደ ትምህርት

በብዙ ቤቶች እናት ወይም ታላቅ እህት ሰፌድ ይዛ ምስር በምትለቅምበት ጊዜ ሕፃኑ ገለል እንዲል ይነገረዋል። ሥራው እንዳይጓተት ሲባል የሚደረግ በመሆኑ ምክንያቱ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ያ ሰፌድ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን «መለየትና መመደብ» የሚሉት ትምህርት ሙሉ በሙሉ የሚገኝበት ስፍራ ነው። ለሕፃኑ በትንሽ ሳህን አንድ እፍኝ ያልተለቀመ ምስር ተለይቶ ቢሰጠው፣ ጠጠሩን ከምስሩ፣ የተሰነጠቀውን ከደህናው፣ ጥቁሩን ከቀዩ እየለየ ዓይኑንና ጣቶቹን ያስተባብራል። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጠጠር ቆንጥጦ ማንሳት የቻለ ሕፃን ነገ እርሳስ ለመያዝ የሚያስፈልገውን ጉልበት በዚያው እያዳበረ ነው።

ከመልቀሙ በላይ የሚጠቅመው ግን በመካከል የሚደረገው ጭውውት ነው። ሕፃኑ «ይሄስ?» ሲል «ጠጠር ነው፤ ብንበላው ጥርሳችንን ያሳምመናል። ሌላ ጠጠር ይታይሃል?» የሚል መልስ ካገኘ፣ አዲስ ቃል፣ ምክንያትና አዲስ ጥያቄ በአንድ ጊዜ አግኝቷል ማለት ነው። «አርፈህ ልቀም» ከተባለ ያገኘው ነገር የለም። ሕፃኑ አንድ ቃል ሲናገር አዋቂው ሁለት ሦስት ቃል ጨምሮ እየመለሰ፣ ሕፃኑም እስኪመልስ እየጠበቀ የሚሄድ ንግግር ለቋንቋ ዕድገት ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል። መጠበቁ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸገረው። የአራት ዓመት ሕፃን ሐሳቡን ወደ ቃል ለመለወጥ ጊዜ ይወስድበታልና አዋቂው በልቡ እስከ አምስት ቆጥሮ ቢታገሥ፣ ጠፍቷል የተባለው መልስ ብዙ ጊዜ ይመጣል።

ጭውውቱ ወላጅ አጥርቶ በሚያውቀው ቋንቋ መሆን አለበት። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የአፍ መፍቻው የሆነ ቤተሰብ «ትምህርት ቤት እንዳይቸገር» በሚል ሥጋት በደንብ በማይችለው አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ከሕፃኑ ጋር ቢነጋገር፣ ሕፃኑ የሚያገኘው የተቆራረጠና የደኸየ ቋንቋ ይሆናል። በአንድ ቋንቋ አስፋፍቶ ማሰብን የተማረ ሕፃን ሌላውን ሲጨምር ያን ያህል አይቸገርም።

እንጀራ በሚጋገርበት ጊዜ ሕፃን ከምጣዱ መራቅ አለበት፤ ይህ የማይታለፍ ነው። ከርቀት ተቀምጦ ግን «ስንት እንጀራ ወጣ?» ተብሎ ሊጠየቅ፣ ሊጡ ትናንት ምን ይመስል እንደነበር፣ ዛሬ ለምን አረፋ እንዳወጣ፣ በእንጀራው ላይ ዓይኖቹ መቼ እንደሚፈጠሩ ሊነገረው ይችላል። «በፊት» እና «በኋላ»፣ «ትናንት» እና «ነገ» የሚባሉት ቃላት ለሕፃን እጅግ ረቂቅ ናቸው። ሊጥ ሲቦካና እንጀራ ሲሆን ያየ ሕፃን ግን እነዚህን ቃላት የሚያስርበት ነገር አለው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ሊነገር ይገባል። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ለውዝና ፈንዲሻ ለሕፃናት የማነቅ አደጋ አላቸው፤ ጥራጥሬን ወደ አፍንጫና ወደ ጆሮ መክተትም በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ታናሽ በቤቱ ካለ ጥራጥሬ የመለየቱ ጨዋታ አዋቂ አጠገብ ተቀምጦ እያየ ብቻ ይከናወን፤ ሲያበቃም ወለሉ ይጠረግ።

«ሲኒው ለምን አነሰ?»

የቡና ሥርዓት ለሕፃን የቁጥር ትምህርት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሲኒ መደርደር የሒሳብ የመጀመሪያው መሠረት ነው። ሕፃኑ እስከ ሃያ በቃሉ ሊወርድ ይችላል፤ ይህ ግን መቁጠር ማለት አይደለም። መቁጠር የሚጀምረው እያንዳንዱ ቁጥር ከአንድ ነገር ጋር ሲገናኝ፣ የመጨረሻውም ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑ ሲገባው ነው። ባዶዎቹን ሲኒዎች በረከቦቱ ላይ እንዲደረድር የተፈቀደለት ሕፃን አንዱን ለአባት፣ አንዱን ለአክስት እያለ ይህን ሳያውቀው ይማራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ደግሞ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚለውን ቅደም ተከተል በሽታና በጣዕም ያስጨብጡታል። የፈላው ጀበናና የከሰሉ ምድጃ ከእርሱ ርቀው መቀመጣቸው፣ ከሰሉም በር ወይም መስኮት በተከፈተበት ቤት መቀጣጠሉ ሳይዘነጋ ነው።

በወረርሽኙ ወቅት ግን ረከቦቱ ተለውጦ ነበር። ጎረቤት ለቡና አይጠራራም ነበር። ስምንት ሲኒ ይቀርብ በነበረበት ቤት ያን ጊዜ ሦስት ይቀርብ ነበር፤ ይህንንም ከማንም ቀድሞ የሚያስተውለው ሕፃኑ ሊሆን ይችላል። «ሲኒው ለምን አነሰ?» የሚለው ጥያቄ የቁጥር ጥያቄ ብቻ አይደለም። ሕፃኑ የጠፉትን ሰዎች እየጠየቀ ነው።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ አጭርና እውነት መሆን አለበት። «በዓይን የማይታይ፣ ሰውን የሚያሳምም ነገር አለ። በሳልና በእጅ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። እንዳይዛቸው ብለን ነው ጎረቤቶቻችን ቤታቸው ሆነው የሚጠጡት። ሲያልፍ ይመጣሉ» ቢባል ለአምስት ዓመት ሕፃን ይበቃዋል። «መቼ ያልፋል?» ቢል «ቀኑን አላውቀውም» ማለት ከሐሰተኛ ቀጠሮ ይሻላል። ሕፃኑ እንደገና፣ ምናልባትም በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ይጠይቃል። ይህን የሚያደርገው መልሱ ስላልገባው ሳይሆን መልሱ አለመለወጡን ለማረጋገጥ ነውና በዚያው መልስ ይመለስለት።

በአንዳንድ ቤቶች ቀድሞ ሕፃን በአያ ጅቦ ይስፈራራ እንደነበረው ሁሉ «ካልበላህ ኮሮና ይወስድሃል» ማለት ተጀምሮ ነበር። ይህ ልማድ ሊቀር ይገባዋል። ጅቡ ሩቅ ነው፤ የኮሮና ስም ግን በየሬዲዮው ይነገር ነበር፤ አባትም ሲያስል ሕፃኑ ይሰማል። በበሽታ የተስፈራራ ሕፃን አባቱ ያሳለ ዕለት ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ሊያስብ ይችላል።

ልብስ አጠባና የእጅ መታጠብ

ልብስ በሚታጠብበት ቀን ካልሲዎችን ማጣመር፣ ትልቁን ሸሚዝ ከትንሹ መለየት፣ በየቀለሙ መደርደር ለሕፃኑ ሊተውለት ይችላል። በመለቅለቂያው ውሃ ደግሞ ማንኪያ፣ ቆርኪ፣ ቅጠልና ጠጠር ተራ በተራ እየተጣሉ የትኛው እንደሚሰምጥ፣ የትኛው እንደሚንሳፈፍ አስቀድሞ እንዲገምት ይጠየቅ። መገመቱ ነው ትምህርቱ፤ መሳሳቱም ደስ ይለዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው አካባቢዎች ለዚህ ተብሎ ንጹሕ ውሃ ማባከን አያስፈልግም። ጨዋታው ሲያበቃ ግን የመዘፍዘፊያው ሳፋም ሆነ ባልዲው መደፋት ወይም መከደን አለበት፤ ትንሽ ሕፃን ጥልቀቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር በሆነ ውሃ ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል።

እጅን በውሃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ ለሕፃን ረጅም ነው። ታላቁና ታናሹ ፊት ለፊት ቆመው እየቆጠሩ ቢታጠቡ፣ ወይም ቤተሰቡ የእጁን ጀርባ፣ የጣቶቹን መሐልና አውራ ጣቱን በየተራ የሚጠራ አጭር ዜማ ራሱ ቢፈጥር፣ ጊዜው ሳይታወቅ ይሞላል። የአልኮል ማጽጃና በረኪና ግን ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ ይቀመጡ። በረኪና በባዶ የውሃ ወይም የለስላሳ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ሕፃን ጠርሙሱን የሚያውቀው በመጠጥነቱ ነው።

እቃ እቃ

ሦስት ሕፃናት በጓሮ ተቀምጠው በቅጠል ወጥ ሲሠሩ፣ በጭቃ እንጀራ ሲጋግሩ፣ አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ትንሿ ደግሞ እንግዳ ስትሆን፣ አዋቂ የሚያየው ቆሻሻ ልብስ ነው። በሕፃናቱ አእምሮ የሚካሄደው ሥራ ግን ከባድ ነው። ቅጠሉን ወጥ ብሎ መጥራት አንድ ነገር ሌላውን ሊወክል እንደሚችል መረዳት ነው፤ ፊደልም ሆነ ቁጥር የቆሙት በዚሁ ችሎታ ላይ ነው። «እናት»ን የምትጫወተው ሕፃን መሮጥ ቢያምራትም እናት አትሮጥምና ራሷን ትገታለች። ማን ምን እንደሚሆን ሲከራከሩ መደራደርን ይለማመዳሉ። ከመደበኛ ትምህርት በፊት ሕፃን ሊያዳብራቸው ከሚገቡ ችሎታዎች የሚበዙት በዚህ ጨዋታ ውስጥ አሉ።

በወረርሽኙ ወቅት በብዙ ቤቶች የእቃ እቃው ጭብጥ ተለውጦ ይታይ ነበር። ሕፃናት አሻንጉሊታቸውን ጭምብል ያለብሱ ነበር፤ አንዱ ሐኪም ሆኖ ሙቀት ይለካ ነበር፤ ሌላው «አትንካኝ» እያለ ይሸሽ ነበር። አልፎ አልፎም አሻንጉሊቱ ይሞት፣ ይለቀስም ነበር። ይህን ያየ ወላጅ ደንግጦ «እንዲህ ዓይነት ጨዋታ አይደረግም» ማለት የለበትም። ሕፃን ያልገባውንና ያስፈራውን ነገር የሚያብላላው በጨዋታ ነው። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማየትና ቢጋብዝ መሳተፍ ይበቃል። ጨዋታው ለቀናት ያለ ምንም ለውጥ ከተደጋገመና ሕፃኑ ሲጨርስ እንደ መረጋጋት ይበልጥ ከተጨነቀ፣ አዋቂው በእንግድነት ገብቶ ሌላ መጨረሻ ሊያመጣ ይችላል፦ ሕመምተኛው ሾርባ ይጠጣል፤ ከሐኪም ቤት ወጥቶም ወደ ቤቱ ይገባል።

ለእቃ እቃ የሚያስፈልገው ዕቃ ከቤት አይጠፋም። በተለምዶ «ሃይላንድ» የሚባለው ባዶ የውሃ ፕላስቲክ፣ የሰበራ ጠርዝ የሌለው ጣሳ፣ ካርቶን፣ የቆየ ነጠላ፣ ቆርኪ፣ ጭቃ፤ እነዚህ ከተገዛ መጫወቻ የሚበልጡበት ጊዜ ብዙ ነው። በባትሪ የሚሠራ መኪና መኪና ብቻ ነው፤ ካርቶን ግን ጠዋት መኪና፣ ከሰዓት ሱቅ፣ ማታ አልጋ ይሆናል። መጫወቻዎቹ በሳሙና ይታጠቡ፤ ከሌላ ቤት ሕፃን ጋር በመዋዋስ አይዙሩ።

በአንድ ክፍል ቤት የሚኖሩ፣ ቧንቧና መጸዳጃ ከሌሎች ተከራዮች ጋር የሚጋሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ለእነርሱ «ልጁን ከማንም አታገናኙ» የሚለው ምክር ወረቀት ላይ የሚቀር ነበር። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ቤተሰቦች ተነጋግረው ሕፃናቱ ከግቢው ውጭ ካሉ ልጆች ሳይቀላቀሉ፣ ከጨዋታ በፊትና በኋላ እጃቸውን ታጥበው፣ ሜዳ ላይ እንጂ ክፍል ውስጥ ሳይታጨቁ፣ ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት ሲኖር ጨዋታው እንዲቆም ቢስማሙ ተግባራዊ የሆነ መፍትሔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 5 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ሕፃናት ጭምብል እንዲያደርጉ አያስገድድም፤ ስለዚህ ሌሎቹ ጥንቃቄዎች በአዋቂዎቹ ትከሻ ላይ ይወድቃሉ።

ርቀት ጠብቀው የሚጫወቷቸው ጨዋታዎችም አሉ። ሰኞ ማክሰኞ በየተራ የሚዘለል በመሆኑ ተስማሚ ነው፤ በአንድ እግር መቆም ሚዛንን፣ መስመሩን አለመርገጥ ጥንቃቄን፣ ተራ መጠበቅ ትዕግሥትን ያስተምራል። ለአራት ዓመት ሕፃን ቤቶቹ ሦስት ብቻ ቢሆኑ ይበቃዋል። አኩኩሉ በቤተሰብ መካከል ይሁን። ገበጣ ለስድስት ዓመት ሕፃን ሊከብድ ቢችልም ጠጠር በየጉድጓዱ አንድ አንድ እያደረጉ መዝራቱን ብቻ ከአባቱ ጋር ይችላል። ከጨርቅ የተቋጠረ ኳስ ወደ ግድግዳ መወርወርና መቅለብም አለ። ሙዚቃ ከፍቶ እስክስታ መምታት፣ ሙዚቃው ድንገት ሲቋረጥም ባሉበት ደርቆ መቆም ሕፃናት የሚያብዱለት ጨዋታ ሲሆን፣ ራስን የመግታት ችሎታን በቀላሉ ያለማምዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሦስትና ለአራት ዓመት ሕፃናት በቀን በጠቅላላው 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ከዚህም ቢያንስ 60 ደቂቃው ልብ የሚያስመታ ሊሆን ይገባል። ቤት የዋለ ሕፃን ይህን ካላገኘ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲል ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚህ ዕድሜ የሚያስፈልገው እንቅልፍ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ነው።

ፊደል መቼ?

ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው አንዳንድ ወላጆች ሕፃኑ «ወደ ኋላ እንዳይቀር» በመስጋት የፊደል ገበታ ሰቅለው ከሀ እስከ ፐ ያስወርዱት ነበር። ፊደላቱ 33፣ ከነሰባት ድምፃቸው 231 ናቸው፤ ለአራት ዓመት ሕፃን ይህ ተራራ ነው። በዜማ ሊያወርዳቸው ቢችልም ከገበታው መካከል አንዱን ነጥለው ሲያሳዩት አያውቀውም። ይልቅስ ከስሙ የመጀመሪያ ፊደል መጀመር ይቀላል። በርዋ የተባለችው ሕፃን «በ»ን በበር፣ በበሬ፣ በበግ ውስጥ ስትሰማ፣ ድምፁንና ምልክቱን ታገናኛለች። «በ‹በ› የሚጀምር ምን አለ ቤት ውስጥ?» የሚለው ጨዋታ እርሳስም ደብተርም አያስፈልገውም። መጻፍ ሲመጣ በትሪ ላይ በተነጠፈ አሸዋ በጣት መጻፍ ለሕፃን እጅ ከእርሳስ ይቀልላል፤ ስሕተቱም በአንድ መዳበስ ይጠፋል።

ማንበብ የማይችል ወላጅ በዚህ ሁሉ የተበለጠ ሊመስለው አይገባም። ተረትና እንቆቅልሽ የቃል ሀብቶች ናቸው። ተረት የሚሰማ ሕፃን ክስተቶችን በቅደም ተከተል ይይዛል፤ ቀጥሎ የሚሆነውን ይገምታል፤ የቀበሮዋን ብልጠትና የጅቡን ሞኝነት ከሁለቱም ወገን ሆኖ ያያል። ያው ተረት ሃያ ጊዜ ቢጠየቅ ሃያ ጊዜ ይነገር። ከጥቂት ምሽት በኋላ ተራኪው ሆን ብሎ አንድ ቦታ ቢሳሳት ሕፃኑ ያርመዋል፤ ያን ጊዜ ተራኪው ሕፃኑ ሆነ ማለት ነው። እንቆቅልሽ ደግሞ አንድን ነገር ስሙን ሳይጠሩ በባሕርይው መግለጽን ያስተምራል። ሕፃኑ የራሱን እንዲፈጥር ቢበረታታ መልካም ነው፤ «ነጭ ነው፣ ይዘላል፣ እኛ ቤት ነው» ብሎ ድመቱን ቢያቀርብ እንኳ ሙሉ እንቆቅልሽ ነው። ያልቻለው ወገን «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን፣ ጅማን፣ ሐረርን እየሰጠ የአገሩን ከተሞች ስም በዚያው ይለምዳል።

ተረት የሚያውቁት አያቶች ግን በዚህ በሽታ ይበልጥ የሚጎዱ በመሆናቸው ሕፃናት ከእነርሱ እንዲርቁ ተደርጎ ነበር። በሁለቱም ወገን ከባድ ነበር። ስልክ ባለበት አያት በተወሰነ ሰዓት ደውለው አንድ ተረት ቢነግሩ፣ ወይም አንድ እንቆቅልሽ ጠይቀው መልሱን ለነገ ቢያሳድሩት፣ ሕፃኑ ቀኑን ሙሉ መልሱን ሲፈልግ ይውላል፤ ነገም የሚጠብቀው ነገር ይኖረዋል።

ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክን በሚመለከት የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ሕፃናት በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም እንዲመረጥ ይመክራል። ሥራ የበዛበት ወላጅ በዚህ ወሰን ባይጸና ሊወቀስ አይገባም፤ ከሰዓቱ ይልቅ የሚታየው ነገርና አብሮ የሚያይ ሰው መኖሩ ይበልጣል። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ተረት በነገሩባቸው ዓመታት የየሠፈሩ ልጆች አንድ ቤት ተሰብስበው ያዩ ነበር፤ ተረቱም ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ በማግስቱ በየደጁ ይነገር ነበር። ለዚህ ዕድሜ በአማርኛ የተዘጋጀው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የአሻንጉሊት ዝግጅትም አንድ ክፍል ታይቶ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ «ፀሐይ ዛሬ ምን አደረገች?» የሚል ጥያቄ ቢከተለው ጥቅሙ ይጨምራል። የሟቾችን ቁጥር የሚያስታውቅ ዜና በሕፃናት ፊት በተደጋጋሚ አይከፈት።

ለአሳዳጊው

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ በአንድ ቀን ይደረግ አልተባለም። የቀን ሠራተኛ የሆነች እናት ማታ ደክማ ገብታ አሥር ደቂቃ ስልኳን አስቀምጣ ሕፃኑ የመረጠውን ብትጫወት፣ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጦ «ቆይ፣ ቆይ» ከሚል ሰው ይልቅ ሰጥታዋለች። ሕፃኑን የምትጠብቀው ታላቅ እህት ወይም የቤት ሠራተኛ ከሆነች ወላጆች ይህን ጽሑፍ ያንብቡላት፤ ሕፃኑን ምስር እንዲለቅም ስትፈቅድለት ሥራዋ ቢጓተት እንደማትቆጡም ይንገሯት። አባቶችም የሕፃን ጨዋታ የሴት ሥራ ነው የሚለውን ትተው ይግቡበት፤ ቤት መዋል ለብዙ አባቶች የልጃቸውን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲያዩ ዕድል ሰጥቷል። ገቢ ሲቋረጥና ቤት ሲጠብ ትዕግሥት ያልቃል። እጅ ለመምታት ሲነሳ ሕፃኑን ደህና ቦታ አስቀምጦ፣ ከበር ወጣ ብሎ፣ ጥቂት በረጅሙ ተንፍሶ መመለስ ይቻላል። የጮኸ ወላጅም ቆይቶ «ደክሞኝ ነው የጮህኩት፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ቢል ክብሩ አይቀንስም።

ሕፃኑ ይናገራቸው የነበሩ ቃላት ለሳምንታት ጠፍተው ካልተመለሱ፣ መብላትና መተኛት ካቆመ፣ ራሱን ወይም ሌሎችን የሚጎዳ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል፤ በወረርሽኙ ምክንያት የሌላ ሕመም ሕክምናም ሆነ ክትባት መቅረት የለበትም። በወረርሽኙ ወቅት ስለ ኮቪድ-19 መረጃ ለማግኘት በነጻ የስልክ መስመሮች 8335 ወይም 952 መደወል ይቻል ነበር።

ከአሳዳጊዎች አንዱ በበሽታው ተይዞ ወደ ለይቶ ማቆያ የሚገባበት አጋጣሚም ነበር። ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ ተደብቆ መሄድ ለቅሶን የሚያስቀር ቢመስልም፣ ሕፃኑ ከዚያ በኋላ የተኛ ሁሉ ሰው የሚጠፋ ስለሚመስለው እንቅልፍ ይፈራል። ተነግሮት፣ አልቅሶም ቢሆን፣ ከርቀት እጁን አውለብልቦ ይሸኝ። የእናቱ ነጠላ ታጥቦ አጠገቡ ይቀመጥለት። እናትም አቅም ካላት ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ትደውልለት፤ የለመደውን ተረት ከመጀመሪያው ትጀምርለት፤ ድካም ከበረታባት ግማሹን ነግራ «የቀረውን አንተ ጨርስልኝ» ትበለው።